ኮፈን እና ከፈን

የመኪና ሞተር ክዳን «ኮፈን» መባሉ እንደ ፍሬኑና እንደ ጎሚስታው ሁሉ ከጣሊያን የቀረልን ነው። ወሎ ውስጥ ግን ይህ ቃል በአንዲት ፊደል መልክ ብቻ የሚለየው አደገኛ ጎረቤት አለው፤ ከፈን፣ ሟች የሚጠቀለልበት ነጭ ጨርቅ። ሁለቱን ማምታታት ምን እንደሚያስከትል ያወቅሁት ባለፈው ኅዳር ነው።

የእህቴ ባል ደሴ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው። በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው በስልኩ ያያትን የእንግሊዞች ተገጣጣሚ መኪና ካልሠራሁ ብሎ ተነሣና፣ ከበር የተረፈ ቱቦላሬ በያይዶ፣ ከተገለበጠች ኮሮላ የተነቀለ ሞተር አስቀመጠበት። አርአያው ሎተስ በ1957 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ያወጣት «ሰቨን» የተባለችው መኪና ነበረች። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ በሙሉ መኪና ላይ የሚጣለው የሽያጭ ግብር በተበታተነ ዕቃ ላይ ስለማይጣል፣ ገዢው ዕቃውን ተረክቦ ቤቱ ይገጥማት ነበር። የመገጣጠሚያ መመሪያ መስጠት ስለማይፈቀድም የመፍታቻ መመሪያ ይሰጠውና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነበው ነበር ይባላል። ከቀረጥ ለማምለጥ ይህን ያህል የሚጠበብ ሕዝብ ከእኛ ጋር ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም።

የሰቨን ኮፈን በማጠፊያ የሚከፈት ሳይሆን እንደ መሶብ ክዳን ጨርሶ የሚነሣ ነው፤ የሚይዙትም በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት፣ በድምሩ አራት ባለ ሞላ መቆለፊያዎች ናቸው። ነፋሱ በራዲያተሩ በኩል ይገባና መውጫ ሲያጣ ከሥር ይገፋዋል፤ ከላይ ደግሞ በጉብታው ላይ ፈጥኖ የሚያልፈው አየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ወደ ሰማይ ይስበዋል። በ80 ሲነዱ ጉልበቱ በ40 ከነበረው አራት እጥፍ ይሆናል። የእህቴ ባል ይህን ሁሉ አጥንቶ፣ በኮፈኑ ጎንና ጎን የአየር መውጫ ቀዳዳ አበጅቶለት ነበር። ዕውቀት አልጎደለንም።

መኪናዋን ለእህቴ ልናሳይ ወደ ኮምቦልቻ የምንወርድ ዕለት ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዱ በሽቦ ይጠናከር አለ፤ ሌላው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይሻላል አለ፤ ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ አባት ደግሞ «ጠፍር ነው እንጂ! አርባ ዓመት ተሸክሞ ያስተኛኝ ጠፍር ነው» ብለው አሳቁን። (የድሮ የእንግሊዝ የእሽቅድምድም መኪኖች ኮፈን በእርግጥ በቆዳ ቀበቶ ይታሰር እንደ ነበር ያነበብሁት ዘግይቼ ነው።) አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ቀጠለ፣ በረካው ላይ ምርቃቱ ወረደ፤ ከዚያም አራት ጎበዞች አራቱን ማዕዘን ያዙ። «ተቆለፈ?» ሲባል አራቱም በአንድ ድምፅ «አብሽር!» አሉ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ 1,850 አካባቢ የሚወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ኮፈኑ ውኃው እንደፈላ ድስት ክዳን መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ሆኖም የላሜራ ባለሙያን ስለ ላሜራው መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም አልሁ። እሱም ሰምቶ ነበር፤ እንግዳ ላለማስደንገጥ ብሎ ዝም አለ። በዚህ ጨዋነት ሁለት ኩርባ እንደ ተጓዝን ኮፈኑ ብድግ አለ፣ በአንድ ጥግ ጥቂት ተንጠለጠለ፣ ከዚያም በራሳችን ላይ አልፎ፣ ከኋላችን ሽንኩርት ጭኖ የሚወርደውን አይሱዙ ጥሩምባ እያስነፋ ወደ ገደሉ ገባ።

ለእህቴ ደወልሁ። ነፋሱ ያፏጫል፣ መስመሩ ይቆራረጣል። «ኮፈኑ ሐረጎ ላይ ሄደብን፤ እዚያ የሚሆን ነገር ፈልጊልን» አልሁና ስልኩ ተቋረጠ። እሷ የሰማችው «ከፈን»፣ «ሐረጎ» እና «ፈልጊልን» ብቻ ነበር።

ሞተራችንን ለፀሐይ ሰጥተን ቀስ እያልን ኮምቦልቻ ስንገባ በሯ ላይ ድንኳን ሊተከል እንጨቱ ቆሟል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቧል፤ አንዲት ጎረቤት ነጩን ጨርቅ ለክተው አስቆርጠው በእቅፋቸው ይዘዋል። እህቴ ሁለታችንንም በእግራችን ቆመን ስታይ መጀመሪያ ሳመችን፣ ቀጥላ ተቆጣች፤ ለቀስተኛው ግን ንፍሮው ስለተቀቀለ አልተበተነም። ወሬው ደሴ ደርሶ ኖሮ፣ አራቱ ማዕዘን ያዦችም በሚኒባስ ለለቅሶ ደረሱ። ምርመራው እዚያው ተካሄደ። የፊት ግራው የኋላ ቀኙ ሲቆልፍ አይቶ የእሱም የተቆለፈ መስሎት ነበር፤ የፊት ቀኙ የኋለኛውን «አብሽር» አምኖ ነበር፤ የኋላ ግራው የቡና ሲኒ ይዞ ስለነበር እጁ አልተመቸውም። በእርግጥ የቆለፈው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ኮፈኑ በዚያ በኩል ተንጠልጥሎ ላሜራውን ስለገነጠለው ለጉዳቱ ካሣ ይክፈል የተባለውም እሱ ነው።

ኮፈኑ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከእርከን ላይ በድንጋይ ተደላድሎ፣ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶበት። ባለቤቷ እናት በርበሬያቸውን ወደ ሰፌድ ገልብጠው መለሱልን። አሁን አራቱም መቆለፊያዎች በሽቦ ተጠምደዋል፣ ከጠርዙ ሥር ንቅናቄውን የሚያበርድ ላስቲክ ገብቷል፣ ከላይም ጠፍር ዞሮበታል፤ ዘይት ለማየት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኮፈኑን ተሸክመን ሽቅብ ስንወጣ እናት ከኋላችን ተጣርተው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ጥቁር ስለሆነ ሙቀት እንዴት ይይዛል መሰላችሁ! ግማሹ በርበሬ ገና አልደረቀልኝም፤ ደግሞ መቼ ነው የምትወርዱት?»