የገጠር ኔትወርክ የሚመዘነው ባገናኛቸው ሰዎች ነው

በአውሮፓ ኅብረት አባል ሀገራት ስለ ገጠር ልማት ሲነሣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የድጎማው መጠን ላይ ያተኩራል፤ ማን ስንት አገኘ፣ የማን በጀት ተቆረጠ የሚለው ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በእኔ እምነት ግን ገንዘቡ ፍሬ ማፍራት አለማፍራቱን ከሚወስኑት ተቋማት አንዱ እምብዛም ስሙ የማይጠራው፣ በገጠር ልማት የሚሠሩ ሰዎችንና ቡድኖችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ብሔራዊ የገጠር ኔትወርክ ነው። አባል ሀገራት ይህን ኔትወርክ እንዲያቋቁሙ የተደነገገው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገጠር ልማት ደንብ ሲሆን፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኃላፊነቱ ሰፍቶ የኅብረቱን የጋራ የግብርና ፖሊሲ በሙሉ እንዲያገለግል ተደርጓል።

ለምን እንዳስፈለገ የሚገባን እ.ኤ.አ. በ1991 የአውሮፓ ኮሚሽን የጀመረውን ሊደር የተሰኘ ፕሮግራም ስንመለከት ነው። የሊደር መሠረታዊ ሐሳብ የልማት ዕቅድ በዋና ከተማ ተነድፎ ወደ መንደር ከሚወርድ ይልቅ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ያውጡት የሚል ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የማኅበራት ተወካዩና የማዘጋጃ ቤቱ ሹም በአንድ የአካባቢ ቡድን ተሰባስበው የልማት ስልት ይነድፋሉ፤ የትኛው ፕሮጀክት እንደሚደገፍም ይመርጣሉ። ከ2014 እስከ 2020 በነበረው ደንብ መሠረት የአንድ ቡድን ክልል በመደበኛነት ከ10,000 እስከ 150,000 ነዋሪዎችን የሚያቅፍ ሲሆን፣ የመንግሥት አካላትም ሆኑ ሌላ የትኛውም የጥቅም ወገን በውሳኔው ላይ ከ49 በመቶ የበለጠ ድምፅ እንዳይኖረው ተከልክሏል። እንዲህ ያሉ ቡድኖች ዛሬ ከ2,000 በላይ ናቸው።

ቡድኖቹ ለቦታቸው ቅርብ መሆናቸው ትልቁ ጥንካሬያቸው ነው፤ ነገር ግን ይኸው ቅርበት ከሌላው ይነጥላቸዋል። የመጨረሻው ሱቅ የተዘጋበት መንደር፣ ወጣቱ የተሰደደበት ሸለቆ፣ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ያጣበት ደሴት እያንዳንዳቸው ችግሩን በራሳቸው ብቻ የደረሰ አድርገው ሊታገሉት ይችላሉ፤ ያው ችግር በሌላ አውራጃ ከዓመታት በፊት ተሞክሮ፣ ከፊሉ ተሳክቶ ከፊሉ ከሽፎ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሠራተኞች ያሉትና በማመልከቻና በክፍያ ሰነድ የተጠመደ የአካባቢ ቡድን ያንን ልምድ ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ የለውም። ፈልጎ የሚያገኘው፣ ሰዎቹን የሚያስተዋውቀው፣ የመስክ ጉብኝቱን የሚያሰናዳውና በሕግ ቋንቋ የተጻፈውን ደንብ ሰው በሚገባው ቃል የሚያስረዳው አካል ብሔራዊ ኔትወርኩ ሊሆን ይገባል።

የዚህ ሥራ ዋጋ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በትብብር ፕሮጀክቶች ላይ ነው። በሁለት ሀገራት የሚገኙ ቡድኖች አንድ የእግር ጉዞ መስመር በጋራ ለማልማት ወይም ተመሳሳይ የአካባቢ ምርታቸውን በአንድነት ለገበያ ለማቅረብ ቢስማሙ፣ ከስምምነቱ በኋላ የሚጠብቃቸው ሁለት የተለያየ የማመልከቻ ቀን፣ ሁለት የተለያየ የወጪ መመሪያና ሁለት የተለያየ የአፈቃቀድ ሥርዓት ነው። አንደኛው ወገን ፈቃድ አግኝቶ ገንዘቡን ለማውጣት ሲዘጋጅ ሌላኛው ገና ተራ ይጠብቃል፤ በዚህ መሐል ሐሳቡን ያመነጩት ሰዎች ይሰለቻሉ፣ ወይም ኃላፊነታቸውን ለሌላ ያስረክባሉ። ሸሪክ የሚፈልጉ ቡድኖችን ከሚመስሏቸው ጋር የሚያገናኝ፣ የሁለቱን ሀገራት ደንብ ጎን ለጎን አስቀምጦ የት እንደሚጋጩ አስቀድሞ የሚያሳይ፣ ከወዲያኛው ሀገር ኔትወርክ ጋርም በቀጥታ የሚነጋገር ባለሙያ ሲኖር ብዙው መሰናክል ከመከሰቱ በፊት ይታወቃል። እንዲህ ያለው ድካም በዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ከአንድ መስመር በላይ አይወጣውም፤ የድጋፉ ልብ ግን ይኸው ነው።

ስለዚህ ኔትወርኮች አንጸባራቂ መጽሔት በማሳተምና የተሳኩ ፕሮጀክቶችን ብቻ በማወደስ ሲጠመዱ ማየት ያሳዝነኛል። የከሸፈ ፕሮጀክት ለምን እንደከሸፈ በግልጽ የሚነገርበት መድረክ ከአሥር የምስጋና ጽሑፎች የበለጠ ያስተምራል። የኅብረቱን ወጪ የሚመረምረው የአውሮፓ ኦዲተሮች ፍርድ ቤት የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ሊደር የአካባቢ ተሳትፎን እንደሚያበረታታ ቢያረጋግጥም፣ ከሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪና ከአዝጋሚ የማጽደቅ ሂደቱ አንጻር ተጨማሪ ጥቅሙ በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም ብሏል። ትችቱን መሸሽ አይገባም። በሰዎች መካከል የተፈጠረ መተማመን በቁጥር ለመለካት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ሆኖም ከአንዱ መንደር ተወስዶ በሌላው ሥራ ላይ የዋለን ሐሳብ መመዝገብና ከዓመታት በኋላ ምን ላይ እንደደረሰ ተመልሶ መጠየቅ የሚቻል ሥራ ነው፤ ከኔትወርኩ የተሻለ ሊሠራው የሚችልም የለም።

ኔትወርኩ መልእክት ወደ ላይም ማድረስ አለበት። አንድ የማመልከቻ ቅጽ ለአነስተኛ ማኅበር እንደማይሆን የሚያውቀው ቅጹን የሚሞላው ሰው ነው፤ ቅጹን የሚያሻሽለው ግን ሚኒስቴሩ ነው። የኔትወርኩ ጽሕፈት ቤት በብዙ ሀገራት በሚኒስቴሩ ሥር ወይም ከእርሱ ጋር በውል የሚሠራ በመሆኑ ቅሬታን ለማድረስ ድፍረት ይጠይቀዋል። ይህ ድፍረት በግለሰብ ሠራተኞች መልካም ፈቃድ ላይ ሊመሠረት አይገባም፤ የአካባቢ ቡድኖች በኔትወርኩ አመራር ውስጥ ድምፅ ኖሯቸው የሥራ ዕቅዱን አብረው ሊያጸድቁ ይገባል።

ጉዳዩ አሁን አጣዳፊ ሆኗል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለ2028–2034 ያቀረበው የበጀት ሐሳብ የግብርናና የገጠር ልማት ገንዘብን ከሌሎች ፈንዶች ጋር በአንድ ሀገር አቀፍና ክልላዊ ዕቅድ ውስጥ የሚያጠቃልል ነው። በእንዲህ ያለ ትልቅ ዕቅድ ውስጥ ማገናኘትን የመሰለ ጸጥተኛ ሥራ ባለቤት ሊያጣ ይችላል። መንግሥታት ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ ለኔትወርኩና ለአካባቢ ቡድኖች ትብብር የሚውለውን ገንዘብ ለይተው፣ ለሌላ ዓላማ እንዳይዛወርም አድርገው እንዲያስቀምጡ የገጠር ማኅበራት ከድርድሩ መጀመሪያ አንሥቶ ሊጠይቁ ይገባል።