ዶርም ይቅር ወይስ ይጠገን?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዶርምና ካፌ ማቅረባቸውን ትተው ገንዘቡን በተማሪው እጅ ይስጡ? በቅርቡ የተመረቀች ወጣት «አዎ» ትላለች፤ በክልል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ መምህር ይቃወማሉ።

ተመራቂዋ፦ ዶርም የመንግሥት ችሮታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የወጪ መጋራት ከመጣበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ሊከፍል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ስለዚህ ባለዕዳ ነኝ እንጂ ተመጽዋች አይደለሁም። የገዛሁት ታዲያ ምንድን ነው? ተደራራቢ አልጋ የታጨቀበት ክፍል፣ በሩ የማይዘጋ ሎከር፣ ሌሊት ብቻ ብቅ የምትል ውኃ። በፈተና ሳምንት ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የወጣችን ልጅ «ቸክዪ» ማለት ግፍ ነው። የሽንት ቤቱን ነገር ለአንባቢ ክብር ስል እተወዋለሁ። ነን ካፌ የሆነ፣ ማለትም በግቢው ካፌ የማይበላ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ ይቀበል የለ? የመኝታውም እንደዚያው ይሁን።

መምህሩ፦ እህቴ፣ የውኃውን ችግር አልክድም። ግን ገንዘቡን ተቀብለሽ የት ትሄጃለሽ? የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ወደ 22 ከፍ ብሎ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ደረሰ። ካፌው በዚያ ገንዘብ ጤፉንም ሽሮውንም ዘይቱንም በጅምላ ገዝቶ ሦስቴ ያበላል። አንቺ ከግቢ ወጥተሽ በ100 ብር ሦስቴ ብይ እስቲ! ኪራዩን ደግሞ አስቢው። ከአርባ ምንጭ ገጠር የመጣች ልጅ ደብረ ማርቆስ ትመደባለች። እዚያ ማንን ታውቃለች? አከራይ የወራት ቅድሚያ ሲጠይቃት፣ ከላይብረሪ ስትወጣ መንገዱ ሲጨልምባት ማን አለላት? ዶርም ቢያንስ ጥበቃ አለው፣ ዶርሙን የሚቆጣጠር ፕሮክተር አለው፣ ስትታመም ደግፈው ክሊኒክ የሚያደርሷት የዶርሟ ልጆች አሉ። ደግሞስ የአዲስ አበባው ልጅ ሲዳምኛ፣ የወለጋው አማርኛ የሚለምደው ሌክቸር ላይ መሰለሽ? መብራት ጠፍቶ፣ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ሲያወሩ ነው።

ተመራቂዋ፦ ጥሩ ብለዋል መምህር፤ በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ሲነሣ ግን ማን የትኛው ብሎክ እንደሚያድር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ የሸሸው ስንቱ ነው? ለፍሬሽ ዶርም ይኑር እሺ። ከሁለተኛ ዓመት ወዲያ ግን ምርጫው የተማሪው ይሁን።

መምህሩ፦ ምርጫ የምትዪው ላለው ሰው ነው። ቤተሰቡ የሚደጉመው ሲወጣ ዶርሙ የድሃ ልጅ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ስለ ካፌው ወጥ የሚጮህ ይጠፋል። የተማሪ አብሮ ማደር ምን ጉልበት እንዳለው መንግሥት ድሮም ያውቃል። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሲያስቸግር አዳሪነት የተሰረዘው ለምን ይመስልሻል?

ተመራቂዋ፦ ተሰርዞስ? በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ አይደል?

መምህሩ፦ ይህቺስ ጥሩ መልስ ናት። ቢሆንም ያ ተማሪ በቁጥር ጥቂት ነበር። ዛሬ የአንድ ግቢ ተማሪ ብቻ ቤት ፍለጋ ቢወጣ ትንሿን ከተማ ያጥለቀልቃታል። ኪራዩ ሲንር የከተማው ነዋሪስ የት ይግባ?

ተመራቂዋ፦ እሺ፣ ዶርሙ ይቆይ እንበል። ውሉን ስፈርም ያየሁት ድምሩን ብቻ ነው። ለአልጋው ስንት፣ ለውኃው ስንት፣ ለመብራቱ ስንት ተብሎ እንደተሰላ ዝርዝሩ በየብሎኩ በር ይለጠፍ፤ ውኃ ያልመጣበት ወርም ከዕዳው ይቀነስ።

መምህሩ፦ ይለጠፍ፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። ገንዘቡ ግን ዕዳ ከሚቀንስ ለፓምፑ መለዋወጫ ይዋል።

ተመራቂዋ፦ በፓምፑ የሚጠቀመው የሚመጣው ፍሬሽ ነው፤ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ግን ውኃ ሳያይ የተመረቀው።