በር ለተቆለፈበት ታማሚ ሲጋራ ይከልከል?

ሁለት የጎንደር ሰዎች ናቸው በጽሑፍ የተከራከሩት፤ አንዷ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ሌላው ጠበቃ። መነሻው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። አዋጁ በጤና ተቋማት ማጨስን ከልክሏል። ታዲያ በር በተቆለፈበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለሚታከም ሰውስ?

ነርሷ፦ ለእሱማ ይበልጥ! ዎርድ ውስጥ ሲጋራ ገንዘብ ነው። ለአንድ ፍሬ ኒያላ እራቱን አሳልፎ የሚሰጥ አለ፤ ጋቢውን የሚሰጥም አለ። አስታማሚው ደግሞ ዳቦ ውስጥ ሸጉጦ ያስገባል። ፍራሽ በእሳት ቢያያዝ ከተቆለፈ በር ማን ይወጣል? በዚያ ላይ ጭሱ ጉበትን እያጣደፈ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን የተባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ቶሎ ከሰውነት ያስወጣል። አጫሹ ሳያስፈልገው ብዙ መድኃኒት ይውጣል ማለት ነው።

ጠበቃው፦ ሲስተር፣ በእሳቱ ተስማምተናል። መድኃኒቱ ግን ለእኔ ይመሰክራል። በአንድ ሌሊት ቢከለክሉት የለመደው መጠን ይበዛበታል። ክሎዛፒን ሲበዛ ደግሞ ሰው ያፈዛል፣ አንዳንዴም ያንቀጠቅጣል። ሌላም አለ። ሱስ ያነጫነጨውን ሰው «በሽታው ተነሳበት» ብላችሁ መርፌ ብትወጉትስ? እኔ ሲያምረኝ ከግቢ ወጥቼ ፒያሳ አጭሼ እመለሳለሁ። የእሱ ቁልፍ በእናንተ ኪስ ነው።

ነርሷ፦ መጠን መቀነስ የእኛ ሥራ ነው፤ ለዚያ ሐኪም አለ። በእንግሊዝ ራምፕተን የተባለው በር የሚቆለፍበት የአእምሮ ሆስፒታል ታማሚዎች «ቤታችን ነው፣ እናጭስ» ብለው ከሰው ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። ይህን ለጠበቃ እኔ መንገሬ ነው የገረመኝ። ደግሞስ ቤተሰብ ፀበል ሲወስደው ሲጋራውን ጥሎ አይደል የሚገባው?

ጠበቃው፦ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በሐሳብ እንደተለዩም ይጻፉልኝ እንጂ! ፀበሉን ደግሞ ተዉት፤ እዚያም ወዶ የሚሄድ አለ፣ ታስሮ የሚሄድም አለ። እንግሊዞቹ ከክልከላው ጋር የሲጋራ አምሮትን የሚያስታግስ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ያቀርባሉ። እናንተስ ምን አዘጋጃችሁ? «ተው» ማለት ብቻ ሕክምና አይደለም።

ነርሷ፦ ፕላስተሩን እኔም እፈልገዋለሁ። መድኃኒቱን የሚያጣድፈው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ፣ ፕላስተር ቢለጠፍለትም መጠኑ መስተካከሉ አይቀርም። ግዢ ክፍሉን አብረን እንጨቅጭቅ ካሉ ነገ ጠዋት ይምጡ። እስኪገዛ ድረስ ግን ክብሪት ወደ ዎርዴ አይገባም።