ሞላሰሳችን ለመድኃኒት ይዋል፤ ከላክቲክ አሲድ እንጀምር

የስኳር ፋብሪካ ባለሙያዎችን ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ የሸንኮራው ጭማቂ ውስጥ እየተፈጠረ ማጣሪያውን የሚደፍነው ዝልግልግ ነገር ነው። የሚፈጥረው ሉኮኖስቶክ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የሚሠራውም ከስኳሩ ከራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በስዊድን ኡፕሳላ፣ አንደርስ ግሮንቫልና ቢዮርን ኢንግልማን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ዝልግልግ፣ ማለትም ዴክስትራን፣ ሞለኪውሉ በልኩ ተቆራርጦ ሲጣራ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው የፕላዝማ፣ ማለትም የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ምትክ እንደሚሆን አሳዩ፤ ፋርማሲያ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ አቀረበው። ዛሬ ሐኪሞች በጎንዮሽ ጉዳቱ ምክንያት ለዚህ አገልግሎት እምብዛም አይጠቀሙበትም፤ ከብረት ጋር ተዋሕዶ ግን ለደም ማነስ በመርፌ ይሰጣል። ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራው ነገር መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገራችን ከስኳሩ ጋር አብሮ የሚወጣው ሞላሰስ የተባለ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ለከብት መኖ፣ ለአልኮል መጠጥ፣ በፊንጫና በመተሐራ ደግሞ ለነዳጅ ለሚሆን ኤታኖል ሲውል ቆይቷል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር የሆነ ጥሬ ዕቃ በዚህ ብቻ መወሰን የለበትም ብዬ አምናለሁ። የመድኃኒት ፋብሪካዎቻችን ዋና ዋና ንጥረ ነገሮችን በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ እየገዙ የሚያመርቱ ናቸውና፣ ከሞላሰሱ የተወሰነው ላክቲክ አሲድ፣ ማለትም ባክቴሪያ ስኳርን ሲያብላላ የሚፈጠረውን አሲድ፣ ለማምረት ቢመደብ ትርጉም ያለው ጅምር ይሆናል። ከላክቲክ አሲድ የሚገኘው ሶዲየም ላክቴት፣ በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት፣ በእሳት ለተቃጠለና በኮሌራ ፈሳሹ ላለቀበት ሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጠው የሪንገር ላክቴት አንዱ ክፍል ነው።

ማብላላቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ሞላሰሱ በውሃ ይቀጥናል፤ ላክቲክ አሲዱን የሚሠራው ባክቴሪያ የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ከቢራ ፋብሪካ የእርሾ ቅሪት ማግኘት ይቻላል፤ አሲዱ እየበዛ ባክቴሪያውን እንዳያዳክም ደግሞ ኖራ ይጨመራል። ከባዱ ማጣራቱ ነው። ሞላሰስ ቀለምና ማዕድን የበዛበት ነው፤ በደም ሥር የሚገባ ነገር ግን ትኩሳት ከሚያስነሳ የባክቴሪያ ቅሪት ፍጹም የጸዳ መሆን አለበት። በተለመደው የኖራ ዘዴ ለአንድ ቶን ላክቲክ አሲድ አንድ ቶን ያህል ጅፕሰም ስለሚወጣ፣ ፋብሪካው ሌላ ቆሻሻ እንዳይከምር ከወዲሁ መታሰብ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ለምግብና ለቆዳ ኢንዱስትሪ የሚሆነውን ደረጃ አምርቶ ሙያውን ማካበት፣ ቀጥሎ ወደ መድኃኒት ደረጃ ማደግ ይሻላል።

ከቡና ልጣጭ ለምን አንጀምርም የሚሉ ይኖራሉ። የሲዳማንና የጅማን ወንዞች ከእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ፍሳሽ ማዳን አንገብጋቢ ጉዳይ መሆኑን እስማማለሁ። ነገር ግን ልጣጩ የሚገኘው በመከር ወራት ብቻ ነው፤ በየጣቢያው የተበታተነ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል፤ ካፌይኑና ታኒኑም ብዙ ባክቴሪያዎችን ያዳክማሉ። ለጊዜው ለኮምፖስትና ለባዮጋዝ ቢውል ወንዞቹ ቶሎ እፎይ ይላሉ። ሞላሰስ ግን በአንድ ቦታ በብዛት ይገኛል፤ በታንከር ወራትን ይቆያል።

ባለሀብት ወደዚህ ሥራ እንዲገባ ከተፈለገ መንግሥት ሞላሰሱን በታወቀ ዋጋ ለበርካታ ዓመታት በውል ሊያረጋግጥለት ይገባል፤ የኤታኖል ዋጋ በጨመረ ቁጥር ጥሬ ዕቃው የሚወሰድበት ፋብሪካ አይቆምም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፋብሪካው ተገንብቶ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የጥራት መስፈርቱን ሊያስቀምጥ፣ ተረካቢ የሚሆኑት በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ያሉ የመድኃኒት አምራቾችም በዚያው ውይይት ሊገኙ ይገባል።