ማስተካከያ፦ የፋውንቴንስ ገዳም በጦርነት አልፈረሰም

ሰሞኑን ብዙዎች የተጋሩት አንድ የጉብኝት ጽሑፍ፣ በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሻየር የሚገኘው የፋውንቴንስ ገዳም በመድፍ እንደፈረሰ ይናገራል። ይህ ስህተት ነው። የቦታው አስተዳዳሪ ድርጅት ባወጣው ታሪክና በዓለም ቅርስነት ሰነዱ መሠረት፣ በ1132 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ገዳም የተዘጋው በ1539፣ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የገዳማትን ንብረት በወረሰበት ዘመን ነው። ጣሪያው የተሸፈነበት የእርሳስ ብረት ተገፈፈ፣ የመስኮቱ መስታወት ተነቀለ፤ ጣሪያ አልባውን ግንብ ዝናብና ውርጭ በሉት። ከድንጋዩም ከፊሉ አጠገቡ ላለው ፋውንቴንስ ሆል ለተባለው መኖሪያ ማሠሪያ ዋለ።

ልዩነቱ ለጎብኚ ትልቅ ነው። የጥይት ጠባሳ ፍለጋ ግንቡን የሚዞር ሰው ዋናውን ያልፈዋል፤ ይልቅ ባዶዎቹን የመስኮት ቅስቶች አይቶ ወደ መኖሪያው ቢሻገር፣ ከገዳሙ የተወሰደውን ድንጋይ በሌላ ግድግዳ ላይ ያገኘዋል። ጽሑፉን ያጋራችሁ ይህን ብታያይዙበት መልካም ነው።