ምላጭ የማይዘው እጅ

በታጣፊ ምላጭ መላጨት የሚማር ሰው ዓይኑ ሁሉ ስለቱ ላይ ነው። እጀታው እንዴት ይያዛል? አውራ ጣት የት ያርፋል? ማዕዘኑ ስንት ነው? አጫጭር ቪዲዮዎችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ባለሙያው ምላጩን ሁለት ሦስቴ ሽው ያደርገዋል፣ ጉንጩ ይጠራል፣ አለቀ። እኔ ግን ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከሌላኛው እጅ ነው ባይ ነኝ፤ ምላጭ ካልያዘው።

ቆዳ ሲላላ ከስለቱ ፊት እየተሰበሰበ ብድግ ይላል። ስለቱም ጸጉሩን ትቶ እሱን ያገኛል። በደንብ ሲወጠር ግን ሜዳ ይሆናል፣ ጸጉሩም ቀና ይላል። ያኔ ምላጩ ያለ ግፊት ይሄዳል።

የቀኝ ጉንጭን እንውሰድ። ግራ እጃችሁን በአናታችሁ ላይ አሳልፉና ከጆሮ ፊት ያለውን ቆዳ ወደ ላይ ሳቡት። ጣቶቻችሁ ደረቅ ይሁኑ፤ አረፋ ከነካቸው ይንሸራተታሉ። ምላጩን መጀመሪያ በጠፍጣፋው አስተኙት፣ ከዚያ ጀርባውን ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። 30 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። በጣም ከተኛ ጸጉሩን ይጎትታል፣ በጣም ከቆመ ቆዳውን ይቆርጣል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውረዱ፣ አቁሙ፣ ቆዳውን እንደገና ወጥሩ፣ ቀጥሉ። ስለታም ምላጭ በዚህ ጊዜ ደረቅ ያለች ትንሽ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ጠፍቶ መጎተት ከጀመረ፣ ወይ ቆዳው ላልቷል፣ ወይ ማዕዘኑ ተበላሽቷል፣ ወይ ምላጩ ደንዟል። ጫን ማለት ከሦስቱ አንዱንም አያስተካክልም። ስለቱ ቆዳ ላይ እያለም ወደ ጎን እንዳይንሸራተት፤ ክፉው ቁስል ከዚያ ነው የሚመጣው።

መጫን የለመድነው ከሌላ መላጫ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት መላጫ ስለቱን በመከላከያ ስለያዘው ማዕዘኑ ያን ያህል አያስጨንቅም። ትልቅ ውለታ ነው። በኋላ የመጡት ባለብዙ ስለት መላጫዎች ደግሞ ጫን ብንልም ብዙ አይጎዱንም። እጃችን በዚያ ለምዶ ታጣፊውን ሲይዝም ይጫናል። ታጣፊው ግን ይህን አይችልም።

ሌላው ችላ የሚባለው ዝግጅቱ ነው። ደረቅ ጢም ጠንካራ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ሲርስ ውሃ ይመጥና ይለሰልሳል። ከሻወር በኋላ መላጨት የሚቀለው ለዚህ ነው። አረፋውም ለመልክ አይደለም፤ እርጥበቱን ይዞ ያቆያል፣ ስለቱንም ያንሸራትታል። መሃል ላይ ከደረቀ እንደገና ቀቡት። በደረቀ አረፋ ላይ መቀጠል የለም።

ምላጩም ከመላጨት በፊት በተወጠረ የቆዳ ጠፍር ላይ ይመላለሳል። ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚገለበጠው በጀርባው በኩል ነው። በስለቱ በኩል የገለበጠ ሰው ጠፍሩንም ይቆርጣል፣ ምላጩንም ያደነዝዛል። ይህ ሥራ የጎበጠውን ቀጭን ጫፍ ያቃናል እንጂ እንደ መሳል አይደለም። በድንጋይ መሳል በወራት አንዴ የሚያስፈልግ ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ጀማሪ ለሚያውቅ ሰው ቢሰጠው ይሻለዋል። ሲጨርሱ ማድረቅም አለ፣ ብረቱ ይዝጋል። ምላጩን ለማንም አታውሱ፣ ለወንድምም ቢሆን። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፤ በዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል።

አሁን ወደማልስማማበት ነገር ልምጣ። ብዙ መመሪያዎች ሦስት ዙር ተላጩ ይላሉ፤ አንዴ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ አንዴ በአግድም፣ በመጨረሻ በተቃራኒው፣ ጣት ምንም ጸጉር እስከማይነካው ድረስ። ጸጉሩ ለሚጠቀለል ሰው ይህን ማስተማር ጉዳት ነው። በጣም በተወጠረ ቆዳ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የተላጨ ጸጉር፣ ቆዳው ሲለቀቅ ከገጹ በታች ይቀራል። ጥምዝ ስለሆነ ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋዋል። ወጥቶ ተመልሶ የሚገባም አለ። አንገት ላይ የሚወጡት የሚያሳክኩና የሚያሙ እብጠቶች ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጡ ናቸው። ሰውዬው ግን ሳሙናውን ይጠረጥራል፣ ምላጩን ይቀይራል፣ እብጠቱን ለማጥፋት ጠበቅ አድርጎ ይላጫል። ይብስበታል። ስለዚህ ወጥሩ ያልኩትም ልክ አለው። ቆዳው ሜዳ እስኪሆን እንጂ እስኪሳሳ አይደለም። ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አንድ ዙር በቂ ነው። ማታ ላይ ጢሙ ትንሽ ቢሻክርስ ምን ይሆናል?

የጸጉሩን አቅጣጫ ለማወቅ ሳይላጩ ቀናት ቆይቶ በጣት መዳሰስ ነው። በሚያሻክረው በኩል ተቃራኒው ነው። አንገት ላይ አቅጣጫው ብዙ ጊዜ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በግምት አይሆንም።

ጀማሪ ሙሉ ፊቱን በአንድ ቀን ካልተላጨሁ ማለት የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁለቱን ጉንጮች ብቻ በታጣፊው፣ ሌላውን በለመደው መላጫ ይላጭ። ቀጥሎ መንጋጭላና አንገት ይመጣሉ። አገጭና የላይኛው ከንፈር፣ ጸጉሩ ጠንካራ፣ ቆዳው ደግሞ ለመወጠር አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ ቢሆኑ ጥሩ ነው።