ስምንት እጅ፣ አንድ ደብተር

የደብተር ርክክብ ፎቶን አደይ አበባም አትቀድመውም። ጳጉሜን ስትገባ ስልካችን በሱ ይሞላል፤ ታውቁታላችሁ። የሰሞኑ ግን ከሁሉም ይበልጣል። አንዲት ባለ 50 ሉክ ደብተር በወዲያ በኩል ስምንት ባለ ሱፍ እጆች ይዘዋታል። በወዲህ በኩል አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጫፏን በሁለት ጣቱ ነክቷል። ይበል የሚያሰኝ ነው! ስምንት ጎልማሳ ተጋግዞ ደብተር ሲያነሳ እያየ ትብብር ጠፋ የሚል ካለ፣ እሱ ጨለምተኛ ነው።

ቪዲዮውም አለ። ልጁ ተቀብሎ ሊሄድ ሲል ካሜራማኑ "ቆይ ቆይ፣ አልተቀረጸም" ይላል። ልጁ ይመልሳል። እንደገና ይቀበላል። አንዱ እንግዳ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ይመልሳል። ይቀበላል። ነፋሱ ባነሩን አጠፈው። ይመልሳል። (ባነሩ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኗል። ደግ አደረገ፤ የረገፈው ምርጊት አይታይም።) ይቀበላል። ይሄኔ የዘገዩ የክብር እንግዳ ከመኪና ወረዱና "ያለ እኔ?" አሉ። ልጁ ማንም ሳያዘው መለሰ። ትምህርት ሳይከፈት ተምሯል ማለት ነው።

በመጨረሻ ደብተሯ ጠርዟ ታጥፎ እጁ ገባች። ሽፋኗ ላይ የለጋሹ ፎቶ አለ፣ ያውም ስም መጻፊያው ላይ። ከዚያ ንግግር ሆነ። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ "የነገ ሀገር ተረካቢዎቹ" ፀሐይ ላይ። ከዚያ እንግዶቹ ለምሳ ሄዱ። ምሳው ስንት ደብተር እንደሚገዛ የሚያሰላ ምቀኛ ነው።

ሽሙጡ ለአፍታ ይቅር። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ማለፊያ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድም! በዚያው ዓመት አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ብዙ ክፍል የታተመ መጽሐፍ አልደረሰውም፤ በፒዲኤፍ ተማሩ ተባለ። መብራት በሌለበት ቀበሌ፣ ፒዲኤፍ! ይሄ ሁሉ ሲሆን ጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ ያቺኑ ደብተር ገልጦ "እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ" የሚል አንድ እንግዳ የለም። መምህሩ ደመወዙ ወር አድርሶት እንደሆነ የሚጠይቅም የለም። ለዚህ ባነር አይታተምማ! እንዴት አያሳፍርም?

ለማንኛውም ለከርሞ ሐሳብ አለኝ። ደብተሯን በካርቶን እናሠራት፤ እንደ ሎተሪ ቼክ ሰፋ አድርገን። ስምንት እጅ ሳይጋፋ ይይዛታል፣ ከሩቅ ትታያለች፣ አትታጠፍም። ርክክቡ ሲያልቅ መኪና ላይ ጭኖ ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት መውሰድ ነው። ልጁንም አብሮ መጫን ነው። እሱ እንደሆነ ልምድ አለው።